የዕቁቡ ብርና የዓርቡ ቀጠሮ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ እያነሣሁ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 28 ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ላለፉት አምስት ዓመታት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ደመወዜን ግን አስቤዛና ታክሲ ተካፍለውት ለእኔ የሚተርፈኝ የለም።

ውጭ ሄጄ እንግሊዝኛ የማስተማር ሐሳብ ካደረብኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ጥር ዕቁብ ደረሰኝ፤ 180,000 ብር። ግማሹ የእናቴ ነው ማለት ይቻላል፤ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች በየሳምንቱ ስትጨምርልኝ የነበረችው እሷ ናት። «ለትምህርትሽ አውይው» ብላ መረቀችኝ። የትኛው ትምህርት እንደሆነ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። አንዱ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ቴፍል የሚሉት የ120 ሰዓት እንግሊዝኛ የማስተማር ኮርስ ነው፤ 400 ዶላር የነበረው በቅናሽ 39 ዶላር ሆኗል ይላሉ፣ ቅናሹም በየቀኑ «ዛሬ ያበቃል» ይላል። ሁለተኛው ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ እንግሊዝኛ የማስተማር ሰርተፍኬት ነው። በኢንተርኔት የሚያስተምር አንድ ማዕከል ጠይቄ 1,800 ዶላር አለኝ፤ በብር ሳሰላው ዕቁቡም አይበቃውም። ሦስተኛው መገናኛ ያለ አንድ ቢሮ ነው። በ95,000 ብር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰርተፍኬት፣ ከዚያም የታይላንድ ቪዛና የማስተማር ሥራ ጨምረው እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ዲግሪ አለሽ ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም፤ «ፓስፖርት ካለሽ ይበቃል» ነው ያሉኝ። ቦታው እንዳያመልጠኝ እስከ ዓርብ 20,000 ብር ማስያዣ መክፈል አለብኝ።

ሌላም የምነግርዎ ነገር አለ። ባለፈው ወር በኢንተርኔት ለሚያስተምር አንድ የውጭ ድርጅት አመልክቼ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። በደንብ እየተነጋገርን ሳለ «ፓስፖርትሽ የየት አገር ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እናመሰግናለን» ብለው ዘጉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ገብቼ ስናገር የራሴን ድምፅ እየሰማሁ እሸማቀቃለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ብሎ ውጭ መመኘቱ ራሱ ሞኝነት ይሆን? እናቴ በየማታው «ወሰንሽ ወይ?» ትለኛለች። የትኛውን ልምረጥ?

ጠመኔ ያዢዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

ውድ ጠመኔ ያዢዋ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ይህ ዓምድ እስኪታተም ዓርብ እንደሚያልፍ ስላወቅሁ፣ በሰጠሽን ስልክ «ለጊዜው ለማንም ምንም እንዳትከፍይ» የሚል አጭር መልእክት ላክሁልሽ። «እሺ» ብለሽ መልሰሻል፤ ተመስገን። ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ ግን ምክር አይባልምና ዛሬ ያሰብኩትን ሁሉ ልጻፍልሽ።

ኮርሱን ለጥቂት ጊዜ እናቆየውና ስለዚያ ቃለ መጠይቅ እንነጋገር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔን የያዘው፣ ስለ ዕቁቡና ስለ ዶላሩ ስትጽፊ ቀጥ ያለው የእጅ ጽሑፍሽ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ፊደሉ ማነሱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት የቆመች መምህርት በአንድ ጥያቄ ተመዝና በሩ ሲዘጋባት ያማል። ያመመሽ ቦታ ግን የት እንደሆነ እናጣራ። ሰዎቹ ድምፅሽን ሰምተው አልዘጉም። ድምፅሽን እየሰሙማ በደንብ ስትነጋገሩ ነበር፤ ይህን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። የዘጉት የፓስፖርትሽን አገር ሲሰሙ ነው። አንቺ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እየተከታተልሽ የምትከሺው ድምፅሽን ነው። ያላመመውን ጥርስ ለመንቀል ወንበር ላይ እንደመቀመጥ አይሆንብሽም?

አድልዎው እውነት ነው፤ የለም ብዬ አልሸነግልሽም። በአንዳንድ አገርማ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። ደቡብ ኮሪያ ኢ-2 የተባለውን የቋንቋ መምህራን ቪዛ ለእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ስትሰጥ የምታየው በዋናነት የሰባት አገሮችን ዜጎች ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ቻይናም የውጭ አገር የቋንቋ መምህር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር ነው የምትፈልገው። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ከእነዚህ አገሮች ፊት የትኛውም ሰርተፍኬት ፓስፖርትሽን አይለውጥልሽም፤ ስለዚህ ለእነሱ ብለሽ ከእናትሽ የእንጀራ ብር ላይ አምስት ሳንቲም እንዳታወጪ ነው።

ድምፅሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪሽ «ስኩል» ማለት ሲገባው «እስኩል» የሚለው ለምንድን ነው? አንቺ ታውቂዋለሽ። በአማርኛ አፋችን ሁለት ተነባቢ ድምፆች በቃል መጀመሪያ ላይ ተጣብቀው ሲመጡ ስለማይመቸን «እ» እንደ መወጣጫ ትገባለች። አንቺም በልጅነትሽ እዚያው ቦታ ላይ ተሰናክለሽ ተነሥተሻል። ለንደን ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መሰናክል ከመጽሐፍ ካላነበበው አያውቀውም፤ ወድቆበት አያውቅማ። ቋንቋን ተምሮ ማስተማርና ወርሶ ማስተማር የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ የአንቺ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ መገናኛው ቢሮ። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ ሐቀኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ያቀረቡልሽ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው፣ ቪዛውን የሚያወጣውና ሥራውን የሚያስቀጥረው አንድ ሰው ከሆነ፣ ሰርተፍኬቱ ባዶ ቢሆን ማን ይነግርሻል? በታይላንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር የሚያመለክት ሰው ዲግሪ ይጠየቃል፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ካልሆነ ደግሞ እንደ አይልትስ ያለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤት ይጨመርበታል። እነዚህ ግን «ፓስፖርት ካለሽ ይበቃል» አሉሽ። መምህርት ለመቅጠር የሚፈልግ ሰው ስለ ዲግሪሽ ሳይጠይቅ ስለ ፓስፖርትሽ ብቻ ሲጠይቅ፣ የሚፈልገው መምህርቷን ነው ወይስ ተጓዧን?

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከታይላንድ ድንበር ማዶ፣ ማይናማር ውስጥ ምያዋዲ በሚባለው አካባቢ ካሉት የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ጦር የተላለፉ 260 ሰዎች ነበሩ። ከ20 አገሮች የተሰበሰቡ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን የእኛው ልጆች ነበሩ። ወደ እንዲህ ያሉ ግቢዎች የሚገቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚታለሉት ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ነው። ለዚያ ሥራ የሚፈለገው ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ነው፤ ልክ እንዳንቺ። ቢሮው ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው እያልኩ አይደለም። እንቅልፍ የነሣኝ ግን ይህ ነው። ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱንም፣ ፈቃዱ የትኛውን አገር እንደሚመለከትም የመጠየቅ መብት አለሽ። «በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ይስተካከላል» ካሉሽ ደግሞ ሻይውን እንኳ ሳትጨርሺ ተነሺ።

ወደ ኮርሶቹ ስንመጣ፣ ቴፍልና ቴሶል የአንድ ሰርተፍኬት ስም አይደሉም። እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የማስተማር ሙያ መጠሪያዎች ናቸው። «የኮምፒውተር ሥልጠና» እንደሚባለው ቁጠሪው። ሥልጠናው በየሠፈሩ አለ፣ ሰርተፍኬቱም በየሠፈሩ ይታተማል። ከአንዱ ወጥቶ ማመልከቻ መተየብ የሚያቅተው አለ፤ ከሌላው ወጥቶ የባንክ ኔትወርክ የሚዘረጋ አለ። እነዚህን ሁሉ የቴፍል ኮርሶች የሚቆጣጠር አንድ ዓለም አቀፍ አካል የለም። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ «ዕውቅናውን የሰጠው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዴ ዕውቅና ሰጪውና ሻጩ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ።

ሴልታ ግን ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ ካምብሪጅ። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1962 ጆን ሄይክራፍት ለንደን ውስጥ ከጀመረው አጭር የመምህራን ሥልጠና የሚመዘዝ ነው። አቻው የትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን ሰርት ቴሶል ነው፤ ቀጣሪዎች በአብዛኛው ሁለቱን በእኩል ዓይን ያያሉ። ሰርት ቴሶል አንድ የምወድለት ነገር አለው፤ ሠልጣኟን ፈጽሞ የማታውቀውን ቋንቋ ለጥቂት ሰዓታት እንድትማር ያስቀምጣታል፣ ጀማሪ ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል እንድታስታውስ። የእኛ አገር መምህራን ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ቢያደርጉት እንዴት ጥሩ ነበር!

አሁን የ39 ዶላሩንና የ1,800 ዶላሩን ማስታወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ሁለቱም ላይ «120 ሰዓት» የሚል ታገኛለሽ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። በሴልታ 120 ሰዓት ማለት ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ከአሠልጣኝ ጋር መሥራት ማለት ነው። በዚያ ውስጥ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ደረጃ ላይ ያሉ እውነተኛ ተማሪዎችን፣ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት፣ አሠልጣኝ እየተመለከተሽ ታስተምሪያለሽ። ልምድ ያላቸው መምህራን ሲያስተምሩ ስድስት ሰዓት ትመለከቻለሽ። አራት የጽሑፍ ሥራዎች ታቀርቢያለሽ፤ ከውጭም በካምብሪጅ የተመደበ ገምጋሚ ኮርሱን ያያል። በርካሹ ኮርስ ውስጥ ግን 120 ሰዓቱ ጽሑፉን አንብቦና ጥያቄውን መልሶ ለመጨረስ ይፈጃል ተብሎ የተገመተ ጊዜ ነው። አንቺ ፈጣን አንባቢ ስለሆንሽ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ትጨርሺው ይሆናል። በመሐል ስታስተምሪ ያየሽ አንድም ሰው አይኖርም።

ሰው ያየሽ መሆኑ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ ልንገርሽ። እኔም ጠመኔ ይዤ ኖሬአለሁ። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ሱፐርቫይዘር መጡና ከኋላ፣ ከረባሾቹ ጎን ተቀመጡ። ያን ቀን ያስተማርኩት ያለፈ ጊዜ ግሥ ነበር፤ ሰሌዳው ሞልቶ፣ አቧራው ቀሚሴ ላይ ሰፍሮ፣ እኔም በራሴ ኮርቼ ጨረስኩ። ከክፍል ስንወጣ «ከ40 ደቂቃው ስንቱን አንቺ የተናገርሽ ይመስልሻል?» አሉኝ። «ግማሹን» አልኩ። ሰዓታቸውን እያዩ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ 33 ደቂቃ። 50 ተማሪ የቀረውን ሰባት ደቂቃ ተካፍሎታል። ሰባቱም ቢሆን በአብዛኛው «የስ፣ ቲቸር» ነበር። በዚያ ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ መምህርት ሆንኩ። ይህን የትኛውም ጽሑፍ አያደርግልሽም። አምስት ዓመት አስተምረሻል፤ በእነዚያ ዓመታት ለቁጥጥር ሳይሆን ሊረዳሽ ብሎ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነበር?

ይህን ስል የ39 ዶላሩ ኮርስ ቆሻሻ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ የቋንቋ ማዕከሎችና በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ድርጅቶች «የ120 ሰዓት ሰርተፍኬት» ከማለት አልፈው አይጠይቁም፤ ወረቀቱ ለእነሱ በቂ ነው። የምትፈልጊው ሥራ ይህን ብቻ የሚጠይቅ ሆኖ ካገኘሽው ግዢው። ሳታጣሪ ግን አትግዢ። ቅናሹ ያመልጠኛል ብለሽም አትስጊ፤ በየቀኑ «ዛሬ ያበቃል» የሚል ቅናሽ ነገም አለ። እስከዚያው ብሪቲሽ ካውንስል ለእንግሊዝኛ መምህራን ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚወሰዱ ሥልጠናዎች አሉና በእነሱ እጅሽን አፍታቺ።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄጂ ጨርቁን የምትገዢው ምን እንደምታሰፊ ካወቅሽ በኋላ ነው። ኮርስ ስትመርጪ ጨርቁን አስቀድመሻል። ለሥራ ፍለጋው የሚመች አገር መጀመሪያ ምረጪ። ቬትናም ዲግሪና የማስተማር ሰርተፍኬት ትጠይቃለች፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ሰው ደግሞ የቋንቋ ችሎታ ማስረጃ። ስለ ታይላንድ ከላይ ብያለሁ። ሁሉም ሰው ዓይኑን እስያ ላይ ሲተክል አፍሪካን መርሳቱም ያስገርመኛል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የማስተማሪያ ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለማዞር ወስና፣ ከዓመታት በኋላም ከዚምባብዌ መምህራንን እስከ መቅጠር ደርሳለች። እዚያ ይቀጥሩሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ዝርዝርሽ ውስጥ አንድ መስመር ይገባታል ግን።

ከየትኛውም ኮርስ በፊት የሚመጣ፣ ብዙዎች ዘግይተው የሚደርሱበት ሌላ ጉዳይ አለ። በእጅሽ ያለው ዋናው ዲግሪሽ ነው ወይስ ጊዜያዊው? ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለተመረቅሽ የወጪ መጋራት ዕዳሽን ካልጨረስሽ ዋናው ማስረጃ አይለቀቅልሽም። ዋናውን ካገኘሽ በኋላ ማረጋገጫው አለ፤ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ከምትሄጂበት አገር ኤምባሲ። ኤምባሲው አዲስ አበባ ከሌለ ሰነዱ ወደ ሌላ አገር ይላካል፤ ጊዜውንም ወጪውንም ጨምሪበት። ሴልታን በከፍተኛ ውጤት ይዛ በጊዜያዊ ዲግሪ ምክንያት ቪዛ የቀረባት መምህርት እንዳትሆኚ እፈራለሁ።

ስለ ገንዘቡም ላንሣ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ቢሆን 1,800 ዶላሩ ወደ 103,000 ብር ነበርና ዕቁብሽ ከፍሎ ይተርፈው ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ያው ኮርስ ከሩብ ሚሊዮን ብር አልፏል። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ሙሉ ሳመነታ አመለጠኝ» ብለሽ ራስሽን እየወቀስሽ ከሆነ ተዪው፤ ያላመነታውም ሰው ያው ገበያ ነው ያገኘው። የሴልታን ዋጋ የሚወስነው እያንዳንዱ ማዕከል ራሱ ስለሆነ በአንዱ መልስ አትቁሚ፤ አራት አምስት ማዕከሎችን ጠይቂ፣ በየተራ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ከባንክሽ ጋርም ለውጭ ክፍያ ስለሚሆን ካርድ ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ለመመዝገቢያው ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር ጉዳይ አይደለም።

በኢንተርኔት የምትማሪ ከሆነ የኮዬ ፈጬ መብራትም በስሌቱ ውስጥ ይግባ። የምትገመገሚበት ትምህርት በመሐሉ ቢቋረጥ አሠልጣኟ ቢረዱሽም አንቺ ትደነግጪያለሽ። ኮርሱ በሙሉ ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል፤ በትርፍ ጊዜ ሲሆን ለወራት ይዘረጋል። ለአንቺ የሚቀናው ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ክረምት ይመስለኛል። መብራትና ኔትወርክ የማይጠፋበት ቦታ፣ የጓደኛ ቢሮም ቢሆን፣ ለእነዚያ ሳምንታት ከአሁኑ ፈልጊ። ሌላ ጥቅምም አለው፤ ሴልታ ማመልከቻው ራሱ የቋንቋ ጥያቄዎችና ቃለ መጠይቅ ያለበት ነው። ገንዘብ ስላለሽ ብቻ አይቀበሉሽም። እንግሊዝኛሽ የት እንደደረሰ ያለ አድልዎ የሚነግርሽ ሰው የምታገኚው እዚያ ነው፤ የሚመዝኑሽም በእንግሊዝኛሽ እንጂ በፓስፖርትሽ አገር አይደለም።

የእኔን ሐሳብ በግልጽ ከፈለግሽው፣ በዚህ ዓመት የትኛውንም ትልቅ ክፍያ አልከፍልም ነበር። የዲግሪውን ጉዳይ እጨርሳለሁ፣ አይልትስ እፈተናለሁ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ እሱንም ከማመልከቻዬ ጊዜ ጋር አስተካክላለሁ። ቀሪውን ብር በቁጠባ አስቀምጬ ለሚመጣው ክረምት ሴልታን ወይም ሰርት ቴሶልን አልማለሁ። ይህ የእኔ ሚዛን ነው። የአንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ለአንድ ጥያቄ በምትሰጪው መልስ ይወሰናል። መሄድ የምትፈልጊው አገሩን ነው ወይስ ከደመወዙ መራቅን? «ሥራዬን እወደዋለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገርሽ አጭር ነው፤ ግን በደብዳቤው ውስጥ ምንም ያልተጨመረበት ብቸኛው ዐረፍተ ነገር እሱ ነው። ጥሩ ሥልጠና ያላት መምህርት አዲስ አበባም ውስጥ አዋቂዎችን በሚያስተምሩ የቋንቋ ማዕከሎችና በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ልትፈለግ ትችላለች። ከኮዬ ፈጬ ሆነሽ በማዶ ያለ ተማሪን በኢንተርኔት ማስተማርም ይቻላል። መልስሽ «መሄድ ነው» ከሆነም ምንም አያሳፍርም።

እናትሽ በየማታው «ወሰንሽ ወይ?» የሚሉሽ የሚገፉሽ መስሎሽ ይሆናል። እኔ ግን ይህን እንዲህ አነባለሁ፦ ምጣድ ላይ ተቀምጠው ያጠራቀሙት ብር የት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ መብታቸው ነው። «ገና ነኝ» ብለሽ አታሳልፊያቸው። አንድ ማታ ቡና አፍልታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ሦስቱንም ነገር በሚገባቸው ቋንቋ ዘርዝሪላቸው፤ የመገናኛውንም አትደብቂ። እንጀራ ሻጭ ናቸውና ማን እያታለለ እንደሚመዝን ከእኔና ከአንቺ በፊት ይነቁበታል። ከወንድምሽም ጋር ከብሩ የቱ እንደማይነካ ተስማሙ።

በዚህ ሳምንት የምትሠሪው ትንሽ ነው። አንድ ባለመስመር ደብተር ውሰጂና የመረጥሻቸውን ሦስት አገሮች ጻፊ። ለእያንዳንዱ አገር በኢንተርኔት የወጡ አሥር የሥራ ማስታወቂያዎች ፈልገሽ ዲግሪ፣ ሰርተፍኬት፣ የፓስፖርት አገር፣ ልምድ እያልሽ የጠየቁትን መዝግቢ። ሠላሳ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለት ሦስት ምሽት ይበቃዋል። ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚጠይቁትን ሰርተፍኬት ደብተርሽ ራሱ ይነግርሻል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲሽ ሬጅስትራር ደውለሽ የዲግሪሽን ነገር አጣሪ።

ከኮርስ ሰጪዎቹ ጋር ስትነጋገሪ ረዥም ጥያቄ አያስፈልግሽም። ስንት ሰዓት ሰው እያየኝ አስተምራለሁ? ተማሪዎቹ እውነተኛ ናቸው ወይስ እርስ በርሳችን ነን? ባልረካ ገንዘቤ ይመለሳል? ይኼው ነው። የሚመልስልሽ ሰው ከተቆጣ እሱም መልስ ነው።

የመገናኛው ቢሮ ከዓርብ ወዲህ ደጋግሞ ደውሎልሽ ይሆናል። አታምልጫቸው፤ ስልኩን አንሺና የፈቃድ ቁጥራቸውን ብቻ ጠይቂ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ደብተርሽም ምን እንዳወጣ።